በገደል ማዶ ጠማቂዋ ቀድማ ትጠጣለች

የገደል ማዶውን አገር የፈጠርኩት ከረሃብ ነው። መንጌ ስደርስ ክረምቱ ገብቶ ነበር። አብሬያቸው የመጣሁት የበቅሎ ነጋዴዎች ወንዙ ሳይሞላ ተሻገሩ፤ እኔ እግሬ ቆስሎ ወዲህ ቀረሁ። ከድባጤ ስወጣ የያዝኩት አንድ ጋቢና በራሴ የለቀምኩት ፊደል ብቻ ነው። ፊደሉንም የለየሁት ዲያቆኑ ሌላውን ልጅ ሲያስቆጥር ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለሆነ፣ ዛሬም ገጹን ገልብጬ ባነብ ይቀለኛል። እንዲህ ያለ ሰው በሰው ደጅ ሲጠጋ የሚያበረክተው አፉን ብቻ ነው።

ያስጠጉኝ የመንደሩ ሹም ነበሩ። ሼህ እንላቸዋለን። አማርኛን የለመዱት የደጋው ጦር ሲመጣ ከወታደር ነውና ሲናገሩ ሰላምታቸው እንኳ ትእዛዝ ይመስላል። የእሳቸውንም የሌላውንም ንግግር እዚህ አቃንቼ ነው የምጽፈው፤ ስንጨዋወት ግማሹ በበርታ ቋንቋ፣ ግማሹ በዓረብኛ ነበር፤ የቀረውን እጅ ይሞላው ነበር።

በሼሁ ቤት መጠጥ የራሱ ሥርዓት አለው። በጾማቸው ወር የሚቀርበው ከርከዴና ሁመር የሚሉት ኮምጣጣ ፍሬ የተዘፈዘፈበት ውሃ ብቻ ነው። ጾሙ ሲፈታ ጋኑ ወደ ቤቱ መካከል ይመለሳል፤ ከማሽላ የሚጠመቅ፣ መሪሳ የሚሉት ወፍራም ጠላ ነው። ቁርአን የሚያስቀራው ሰውዬ መሪሳ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጥና ጨዋታውን ብቻ ይሰማል። የመጀመሪያው ቅል ለሼሁ፣ ከዚያ ለእንግዳ፣ ከዚያ ለሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሲቆፍሩ ለዋሉት ወንዶች፣ ከዚያ ለሴቶች ይዞራል። በመጨረሻ አተላው ለ"ቤቱ ሰዎች" ይወጣል። የቤቱ ሰዎች የሚባሉት እስከ ጉልበታቸው ወንዝ ውስጥ ቆመው ወርቅ የሚያጥቡት ናቸው። ባሪያ ብሎ መጥራት በእንግዳ ፊት ነውር ነው። መሸጥ ግን ነውር አይደለም።

ጠማቂዋም ከእነሱ አንዷ ነበረች። በልጅነቷ ከቆላ ተይዛ የመጣች፣ አሁን ጠጉሯ መሸበት የጀመረ ሴት። መሪሳውን ከብቅሉ ጀምሮ እስኪጠል ድረስ የምትሠራው እሷ፣ የሚደርሳት አተላው። ሲፈላ በጣቷ ጫፍ ነክታ ትቀምሰዋለች። ጣት መላስ ግን መጠጣት አይባልም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ተቀምጠን ሳለ ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ አገር አይተሃል። ሰው በሌላ አገር ምን ይጠጣል?"

ያየሁት አገር ከድባጤ እስከ መንጌ ያለው ነው፤ እሱንም እሳቸው ይበልጥ ያውቁታል። ስለዚህ የማያውቁትን ሰጠኋቸው።

"ከገደሉ ማዶ ጉም የሚጠምቁ ሰዎች አሉ" አልኩ። "ማለዳ በሸረሪት ድር ያጠሉታል። የሚያቀርቡበት ዋንጫ ቂጥ የለውም። እንግዳው ከሥር በመዳፉ ደፍኖ ይጠጣል።"

"መዳፉን ቢያነሳስ?"

"ይፈሳል። ያን ጊዜ መሄጃው ደረሰ ማለት ነው። ባለቤቱም ሂድ አይል፣ እንግዳውም ልሂድ አይል።"

"ለአማቴ አይሆንም" አለ አንዱ ሽማግሌ። "የእሱ መዳፍ አይደክምም።"

ሳቁ ቦታ ሰጠኝ። የተጣሉ ሰዎች ሁለት አንገት ካለው ቅል እንደሚጠጡ ነገርኳቸው፤ አንዱ ብቻውን ቢስብ የሚያገኘው አየር ነው፤ እኩል ሲስቡ ብቻ መጠጡ ይወጣል። "የእኛ ሰዎች ተጠምተው ይሞታሉ" አሉ። መብረቅ በመታው ስፍራ ስለሚቀበር ጋንም ነገርኳቸው። ከእሱ የጠጣ ሰው ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ መዋሸት አይችልም፤ ስለዚህ የዚያ አገር ሹማምንት የሚጠጡት በክረምት ብቻ ነው። ሼሁ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። ያን ጊዜ ጠገብኩና ደፈርኩ።

"እዚያ መጀመሪያ የምትጠጣው ጠማቂዋ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ውሃ የቀዳው፣ ከዚያ እንጨት የለቀመው።"

"ሹሙስ?"

"መጨረሻ።"

"አተላውን?"

"አተላውን። ጠጥቶም 'ለሁሉ ደረሰ ወይ?' ብሎ ይጠይቃል።"

ከመጋረጃው ጀርባ ጠማቂዋ መሪሳ ስታጠል ይሰማ የነበረው ድምፅ ቆመ። ሼሁ ቅላቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"አገሩ ሩቅ መሆኑ ደግ ነው" አሉ፤ ሁሉም ሳቀ።

አሁን አሶሳ ነው ያለሁት። ባለፈው ገበያ ላይ አንድ ጨው ሻጭ ይህንኑ ወሬ ሲያወራ ሰማሁት። ጉሙም አለ፣ ቂጥ የሌለው ዋንጫም አለ። በእሱ አፍ ግን ቀድሞ የሚጠጣው ሹሙ ሆኗል። አላረምኩትም።

ያኔ በመንጌ፣ በጨዋታው ማግስት፣ እንጨት ቁልሉ ዘንድ ጠማቂዋ ጠራችኝ።

"ያቺ ቀድማ የምትጠጣው፣ ቁጭ ብላ ነው ወይስ ቆማ?"

አላሰብኩበትም ነበር። "ቁጭ ብላ" አልኳት።

"ቅሉን ማን ይይዝላታል?"

"ሹሙ።"

"እሱን እንኳ ተወው፣ ልጄ። ቁጭ ማለቱ ይበቃል።"

ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር የሆነ ነገር ትጠይቀኛለች። ብቅሉ ከምንድን ነው? ልጅ የሞተባት ሴት ምን ትጠጣለች? ለዚህኛው፣ ለብ ያለ፣ ጣዕም የሌለው ውሃ ነው፤ የምታቀርበዋ ሴት ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች፣ ያዘነችውን ላለማየት፣ አልኳት። የያዘችውን እንጨት አስቀምጣ፣ "ይህ ሥርዓት ነው" አለች። በኋላ ስለጻፍኳቸው ግጥሞች እንዲህ ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ዝናቡ ሲቀል ከኩርሙክ በኩል አንድ ነጋዴ መጣ። ጨውና ጨርቅ አራግፎ ሲመለስ ከወርቁ ሌላ ምን ይዞ እንደሚሄድ የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የዚያን ዓመት ሼሁን የጠየቃቸው የጥመቃ እጅ ያላት ሴት ነበር። የቤቱ መሪሳ በአንዲት ሴት እጅ ላይ ካረፈ ግን ያቺ ሴት አትሰጥም፤ ጋኑ የተራቆተ ሹም ደቦ የሚጠራበት አፍ የለውም። ጠማቂዋን እስከዚያ ዓመት ያቆያት ይህ ብቻ ነው። አሁን ግን ሼሁ ወጣት ሚስት አግብተዋል፤ ልጅቷም ጥመቃ እንድትማር ከጠማቂዋ ሥር ተቀምጣለች።

"እሷ የለመደች ቀን እኔ ትርፍ ነኝ" አለችኝ ጠማቂዋ። "ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማስተምራት። ብቅሉን አሳይቻታለሁ። እሳቱን ገና ነኝ።"

ከዚያ ዝቅ ብላ ጨመረች፦ "ያንተ አገር ላይ አንድ ነገር አስገባልኝ። ጥመቃ ያስተማረች ሴት ከቤት አትወጣም በል። ከወጣች ጋኑ ይሰነጠቃል በል።"

አልኩ። ነጋዴው በእንግዳ ቦታ ተቀምጦ፣ ሼሁ ቅላቸውን ይዘው፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፣ ያገኘሁትን ውበት ሁሉ አልብሼ ተናገርኩት። ጋኑ እንዴት እንደሚጮህ፣ ስንጥቁ ከአፉ ተነሥቶ እስከ ቂጡ እንደ መብረቅ እንዴት እንደሚወርድ። ሲያልቅ ሼሁ ነጋዴውን አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

"እዚያ አገር ሸክላ ሠሪ የለም?"

ሳቁ። ነጋዴውም ሳቀ። ሼሁ ግን የነገሩ ምንጭ ከየት እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ ወደ መጋረጃው ሳያዩ፣ ከጀርባው ላለችው ጠማቂ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ለዚህ ደቦ መሪሳውን ሚስቴ ብቻዋን ትጠምቃለች። ሽማግሌዎች እጇን ከመረቁ ያቺ ከዚህ እንግዳ ጋር ትሄዳለች። ካልመረቁ ትቆያለች። ተጫወት እንግዲህ፣ የገደል ማዶ።"

የእነሱ ደቦ እንዲህ ነው። ማሳው ተቆፍሮ ሲያበቃ ትልቁ ሽማግሌ ጣቱን መሪሳው ውስጥ ነክሮ መሬት ላይ ጠብ ያደርጋል። ከዚያ ይቀምሳል። ደስ ካለው የጠመቀችውን ጠርቶ "እጅሽ አይድረቅ" ይላል። የተመረቀ እጅ ከዚያ ወዲያ አይነቀፍም፤ የነቀፈ ሽማግሌውን ሰደበ ማለት ነው።

ልጅቷ የሆመጠጠውን ሊጥ ቆላችው፣ ሳታበርድ ትኩሱን ከብቅሉ ጋር ደባለቀችው። ትኩስ ብቅሉን ይገድለዋል። ጠማቂዋ አጠገቧ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር። ምንም አላለችም፤ ብቻዋን ተብሏልና። ሲመሽ እንጨት ቁልሉ ዘንድ አገኘኋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

ወደ ጋኑ ቤት ይዛኝ ገባችና "ጆሮህን ጋኑ ላይ አድርግ" አለችኝ።

አደረግሁ። የሚፈላ መሪሳ ውስጡ ያንሾካሹካል። ይህኛው ዝም ብሏል።

"ሞቷል" አለች። "ነገ የሞተ ይቀምሳሉ።"

ማለዳ ቆፋሪዎቹ በጋኑ ቤት በኩል አለፉ፤ ከኋላቸው የቤቱ ሰዎች፣ መቆፈሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ገና ሳይጀምሩ ጭቃው እስከ ባታቸው። እኔም ከነሱ ጋር ወረድኩ። እኩለ ቀን ላይ ውሃ ልቀዳ ስመለስ ጆሮዬን ጋኑ ላይ አደረግሁ፤ ያንሾካሹካል። አፉ ላይ አረፋ ቆሟል። ጠማቂዋ ከምድጃው አጠገብ ትንሽ እንስራ ታጥባለች፤ እርሾዋን የምታስቀምጥበት ነበር።

"ምን አደረግሽ?"

"ሸተተኝ" አለች፣ ቀና ሳትል። "ሰው በጭቃ ውሎ ያንን ይጠጣ? አተላው ደግሞ ለማን እንደሚወጣ ታውቃለህ። እጄ እምቢ አለ።"

"ያንቺ ነገርስ?"

"የእኔን ነገር እጄ አያውቅም።"

ከሰዓት በኋላ ትልቁ ሽማግሌ ጣቱን ነከረ፣ ጠብ አደረገ፣ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ልጅቷን አስጠርቶ እጇን በሁለት እጁ ይዞ መረቃት። እሷ አለቀሰች፤ ደስታ ነው። ቅሉ እንደ ወትሮው ዞረ፤ ለእኔም ደረሰኝ። ጥሩ ነበር። ያን ያህል የሚጥም መሪሳ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልጠጣሁም፣ ባይጥመኝ ምነኛ በወደድኩ።

ሰው ሲበተን ሼሁን ብቻቸውን አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ልጅቷ እንደገደለችው፣ ጠማቂዋ እንዳስነሳችው፣ ጆሮዬ እንደሰማ።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"ይህን መሪሳ ጠጉሬ ሳይሸብት ጀምሮ እጠጣዋለሁ። የማንን እጅ እንደጠጣሁ ሳላውቅ እቀራለሁ?"

"እንግዲያው ያስቀሯት።"

"ሽማግሌው መርቋል። ልነሳና የጠመቀችው ሚስቴ አይደለችም፣ ሞኝ ሆነሃል ልበለው?" ቅላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ተቆጥተው አልነበረም፤ ያ ነው የከፋኝ። "ጠማቂዋ ዝም ብላ ብትተወው ኖሮ እዚህ ትቀር ነበር። እሷ ራሷ አበጀችው። እኔ ምን ላድርግ?"

እስከ ዛሬ ለዚህ የሚሆን መልስ አልጻፍኩም፤ በግጥም ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

በማግስቱ አህዮቹ ሲጫኑ ጠማቂዋ ከኋላ ቆማ ነበር፤ አላሰሯትም፤ የት ትሄዳለች? የቤቱ ሰዎች ወደ ወንዙ ቀደም ብለው ተልከዋል። ወጣቷ ሚስት ከቤት ሮጣ ወጣች፤ የራሷን ሻሽ ፈትታ በጠማቂዋ አንገት ላይ ጠመጠመችላት፣ እንደ ልጅም አቅፋት አለቀሰች። አታስመስልም ነበር። መሪሳውን ራሷ እንዳጣፈጠችው ታምናለች፤ ሌላ የነገራት ሰው አልነበረም።

"አየሽ አይደል?" አለቻት። "ተማርኩልሽ።"

ጠማቂዋ ሻሹን በእጇ ዳሰሰችው።

"ተማርሽ፣ ልጄ" አለች።

እኔን ስታልፍ ቆም ብላ አየችኝ። የሆነ ጥያቄ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልጠየቀችኝም። የኩርሙክን መንገድ ይዘው ወረዱ፤ ሣሩ ረጅም ስለነበር ከአህዮቹ ጆሮ በቀር ወዲያው የሚታይ ጠፋ።

ሼሁ እህሉ ሲታጨድ ሌላ ደቦ ጠሩ። ልጅቷ በልበ ሙሉነት ጠመቀች፤ እንደ በፊቱ ሳታበርድ ትኩሱን ከብቅሉ ጋር ደባለቀች። ጆሮዬን ጋኑ ላይ አላደረግሁም። ቅሉ ዞሮ ለትልቁ ሽማግሌ ሲደርስ ጠጣ፣ ፊቱን ጨምደድ አድርጎ አፉን ጠረገ፣ ከዚያ "እጅሽ አይድረቅ" አላት። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ አለ። ሼሁ የያዙትን እስከ ታች ጠጡት፣ ማንንም ሳያዩ፣ ቅሉንም እንዲሞላላቸው ደግመው ዘረጉ።