የአባቴ ጉሮሮ፣ ከእህቴ ሠርግ በፊት

ትናንት ተልባ ስቆላ፣ ፍሬው መጥበሻው ላይ ጠሽ ጠሽ ሲልና ያ ዘይት ዘይት የሚል ሽታው ወጥ ቤቱን ሲሞላው፣ አባቴ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ያኔ እስራኤል ውስጥ ነታንያ ከተማ፣ አሳንሰር በሌለው አንድ ሕንፃ ላይ እንኖር ነበር፤ እኔም ገና የቲኮን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የቆየ የጨጓራ ሕመም ነበረበት። እያደር ቃሩ ወደ ላይ እየወጣ ጉሮሮውን ያቃጥለው፣ ድምፁንም ይዘጋው ጀመር። የባሰበት ደግሞ የታላቅ እህቴ ሠርግ ሲቃረብ ነው። አባቴ በምርቃቱ የታወቀ ሰው ነበር፤ ማይክ ሳይዝ አዳራሹን ሙሉ አሜን ያሰኛል። የገዛ ልጄን ሳልመርቅ ልቀር ነው ብሎ ተጨነቀ።

የኩፓት ሖሊሙ፣ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሐኪም ክኒን አዘዘለት። በርበሬና ቡና እንዲተው፣ በልቶ ወዲያው እንዳይተኛ፣ አልጋውንም ከራስጌው ከፍ እንዲያደርገው ነገረው። ቤት ስንመለስ ግን ሁሉም ሐኪም ሆነ። እናቴ ጠዋት ጠዋት የተልባ ውኃ ታጠጣዋለች። ከታች ያለችው ሞሮኳዊት ጎረቤታችን የእንስላል ሻይ ትልክለታለች። ከላይ ያለው ሩሲያዊ ሽማግሌ የድንች ጭማቂ ይዞ ይወርዳል፤ ምን እንደሚመስል አትጠይቀኝ። አባቴ ሰው ማስቀየም አይወድም። ሁሉንም ይጠጣና በዚያው በተዘጋ ድምፁ፣ «ቶዳ፣ አመሰግናለሁ፣ ተሻለኝ» ይላል።

ከአልጋው ራስጌ ሥር ብሎኬት አስገባንበት። ጠዋት ጠዋት እናቴ ተንሸራታ ግርጌ ትገኛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አንተ እንድትድን ብዬ እኔ ከአልጋ ልወድቅ ነው» ትለዋለች።

እሱ ድምፅ በሌለው ሳቅ ይንፈቀፈቃል።

የሠርጉ ቀን ቃጠሎው ቀሎለት ነበር፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ማይክ ሰጡት። አፉን ቢከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። ማይኩን መለሰና ወደ ሙሽሮቹ ሄዶ እጁን በራሳቸው ላይ ጫነ። እኔ ከአጠገባቸው ስለነበርኩ ሹክታውን ሰማሁት።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አለና ወደ እህቴ ጎንበስ አለ። «ልጄ፣ ከቅርብ ተከራዩ። እናትሽ ትናፍቃለች።»

ድምፁ ደህና ቢሆን ኖሮ ይህን በሰው ፊት አይናገረውም ነበር። እህቴ እያለቀሰች ሳቀች። ሰዉም ምን እንደተባለ ሳይሰማ አሜን አለ።

ሙሽሮቹ ራቅ ብላ ባለችው ክፋር ዮና ከተማ ያዩትን ቤት ትተው ከእኛ መንገድ ማዶ ተከራዩ። እናቴ ብቅ የምትለው ለሰንበት ብቻ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ከመግባቱ በፊት፣ በሕይወት እስካለ ድረስ፣ በየማታው ደጃቸውን ያንኳኳ የነበረው አባቴ ነው።