ደማም ላይ የተመረመረው ገደል

ደማም እስር ቤት ያስገቡኝ ክፍል መስኮት አልነበረውም። ጣሪያው ላይ አንድ ነጭ መብራት ቀንም ማታም ይበራል። ወለሉ ላይ ስድስት የስፖንጅ ፍራሾች ተዘርግተዋል፤ አምስቱ ባለቤት ነበራቸው። ስድስተኛው መጸዳጃ ቤቱ በር ሥር ነበር፣ እሱ የእኔ ሆነ። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ውጭ ሰው በሙቀት ይቀልጣል፣ እኛ ግን ማቀዝቀዣው እላያችን ላይ ስለሚነፍስ ብርድ ልብስ ተከናንበን እንንቀጠቀጥ ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ዛሬ ሳስታውሰው ይገርመኛል፣ ምድጃው ላይ የተውኩትን የሩዝ ድስት ማን እንደሚያጥበው ነው።

የተያዝኩት አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። አል ኾባር ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርቻለሁ። የዚያን ዕለት ማዳም፣ ባሏና ዘመዶቻቸው ለሽርሽር ከከተማ ወጣ ወዳለ ኮረብታ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ሻይ ቀዳሁ፣ ምሳውን አቀረብኩ። በልተው ጋደም ሲሉ ትንሽ ራቅ ብዬ ሄድኩ። እዚያ መንገድ ለማውጣት ኮረብታውን ለሁለት ሰንጥቀውታል፤ ከላይ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ቢጫማ ሸክላ፣ ከዚያ እንደገና ነጭ። እንዲህ ያለ ቦታ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጂኦሎጂ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። ማዳም የገበያ ዝርዝር እንድጽፍበት የሰጠችኝን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁና ንብርብሮቹን መሳል ጀመርኩ። ከመንገዱ ማዶ የሽቦ አጥር ነበር። ከአጥሩ ጀርባ ምን እንዳለ ያኔ አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አላውቅም።

«ኤሽ ሃዳ?» አለ ከኋላዬ የቆመ ጠባቂ። ምንድነው ይሄ ማለቱ ነው።

ደብተሩን ሰጠሁት። የኮረብታውን ሥዕል አየ፣ ገጽ ገለጠ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ገጾች ላይ፣ ዕረፍት ባገኘሁባቸው ቀናት ከትዝታዬ የሳልኩት ሌላ ነገር ነበር፤ የአባይ ገደል፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን፣ ከሁለቱ አፋፎች እስከ ወንዙ። በየንብርብሩ አጠገብ ቁጥር ጽፌበታለሁ። ጠባቂው ቁጥሮቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። በሬዲዮ ተናገረ። ማዳም እየሮጠች መጣች፤ ደብተሩን አሳዩዋትና የእኔ መሆኑን ጠየቋት። «ወላሂ ምን እንደምትሠራ አላውቅም» አለች በአረብኛ። እውነቷን ነው፣ አታውቅም ነበር። እኔን ግን አላየችኝም።

ክፍሉ ውስጥ ካሉት ጋር በቶሎ ተግባባን። በተለይ ከጎኔ የተኛችው የወሎ ልጅ ቀረበችኝ። በየመን በኩል አቋርጣ የገባች፣ አል ጀለዊያ ሰፈር በየሰው ቤት በቀን ሥራ ስትሠራ የተያዘች፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

«እኔ ወረቀት የሚባል የለኝም፤ ሙሽኪላዬ፣ ችግሬ የታወቀ ነው። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ ሰጥተው ወደ አገሬ ይሸኙኛል። ያንቺ ነው የሚያስፈራው» አለችኝ በሦስተኛው ቀን።

እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነበር። በየጠዋቱ በሩ ይከፈትና ስም ይጠራል። የተጠራችው ፌስታሏን ይዛ ትወጣለች፣ ፍራሹ ላይ ሌላ ትተካለች። የእኔን ስም የሚጠራ የለም። በአምስተኛው ቀን አንዷ፣ «የመንግሥት ጉዳይ፣ ስለላ ምናምን ከሆነ ዓመትም ያስቀምጣሉ» አለች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ የሰማችውን ነው የተናገረችው። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ቁልፍ በተንቃጨለ ቁጥር ተነስቼ እቀመጣለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ግን ለማንም አልነገርኩም። ፋይሌ ላይ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ተብሎ ተጽፏል። የላከኝ ደላላ አዲስ አበባ ላይ፣ «ዲግሪ ያላት ሠራተኛ ማን ይፈልጋል? ትከራከራለች ይላሉ። ስምንተኛ ክፍል ብለሽ ሙዪው» ብሎኝ እኔው በእጄ ሞልቼ ፈርሜበታለሁ። ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ስለነበር ብዙም አላቅማማሁ። አሁን ግን ስምንተኛ ክፍል የተማረች ሠራተኛ ያንን ሥዕል ከየት አመጣችው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ተምሬያለሁ ካልኩ፣ ለምን ደበቅሽ ይሉኛል። አልተማርኩም ካልኩ፣ ታዲያ ማን ሰጠሽ ይሉኛል።

የወሎዋ ልጅ ጭንቀቴን ስታይ ወሬ ልታስቀይረኝ ብላ ስለ ሥዕሉ ትጠይቀኝ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ መጥቶ፣ «ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ውኃ ተራራ ሲያጋጥመው ይዞራል እንጂ እንዴት ብሎ ለሁለት ይሰነጥቀዋል?»

ከብርድ ልብሴ ጫፍ ክር መዘዝኩ። ሦስት ዳቦ ደራርቤ ሰጠኋትና ክሩን ከላይ በሁለት እጄ ወጥሬ ያዝኩት። «ክሩ ወንዙ ነው። እኔ አላንቀሳቅሰውም። አንቺ ዳቦውን ቀስ እያልሽ ወደ ላይ አንሺው።»

አነሳችው። ክሩ የላይኛውን ዳቦ ቆርጦ ወደ ሁለተኛው ገባ።

«ወንዙ ቀድሞ ነበረ» አልኳት። «በሜዳ ላይ ይፈስ ነበር። መሬቱ ነው ከሥሩ ቀስ እያለ የተነሳበት። መሬቱ ሲነሳ ወንዙ ይቆርጣል፣ ሲነሳ ይቆርጣል። ሚሊዮን ዓመታት ፈጅቶበታል።»

«ሱብሃን አላህ!» አለችና ሳቀች። ከገባሁ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የተቆረጠውን ዳቦ ግማሹን ሰጠችኝና፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ብይ» አለችኝ። በላሁ።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ስሜ ተጠራ።

መርማሪው ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጨዋ የሚመስል ጎልማሳ ነበር። ጨዋነቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ከጎኑ ሃምሳ ዓመት የዘለቃት፣ መነጽር ያደረገች ኢትዮጵያዊት አስተርጓሚ ተቀምጣለች። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፣ የአባይ ገደል ሁለት ገጽ ሞልቶ ተዘርግቷል።

መርማሪው ጣቱን መሐል ላይ አሳረፈ። አስተርጓሚዋ፣ «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል? ይላል» አለችኝ።

«መንገድ አይደለም። ወንዝ ነው። አባይ።»

ስሙን ሲሰማ ቀና አለ። «ግድቡ ነው?»

«አይደለም። ግድቡ ከዚያ በጣም ሩቅ ነው። ይህ ገደሉ ነው።»

«ቁጥሮቹስ?»

«የንብርብሮቹ ውፍረት። በሜትር፣ በግምት።»

መርማሪው አንድ ወረቀት አንስቶ እያየ ረዘም አድርጎ ተናገረ። አስተርጓሚዋ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ የሚለውን እንደምትተረጉም ሰው ወረቀቱን እያየች እንዲህ አለችኝ፦

«ስሚኝ ልጄ። ፋይልሽ ላይ ስምንተኛ ክፍል ይላል፣ እሱም እሱን እያነበበ ነው። ምንም አላውቅም፣ ሥራ ስፈታ የሞነጫጨርኩት ነው በይ። ያልተማረች ናት ብሎ ይዘጋዋል። ኸላስ፣ በቃ። ዛሬውኑ ማዳምሽ ቤት ታድሪያለሽ።»

ምክሩ የሚጠላ አልነበረም። አፌ ውስጥ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ‹አላውቅም› ማለትን ሦስት ቀን ሙሉ ስለማመድ ቆይቻለሁ። መርማሪው እየጠበቀኝ ነው። ሥዕሉን አየሁት። ተማሪ ሆኜ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በእግር ወርጄዋለሁ። ጠዋት ከአፋፉ ጥቁር ድንጋይ ተነስተን፣ ከሰዓት ወንዙ ዳር ቀዩ አሸዋ ድንጋይ ላይ ስንደርስ እግሬ ቆስሎ ነበር። መሐል ላይ ከኖራ ድንጋዩ የባሕር ዛጎል በመዶሻ አውጥቼ፣ በዚህ በረሃ ላይ ባሕር ነበር ብዬ ለራሴ ጮክ ብዬ ተናግሬያለሁ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በሰው ቤት፣ ማፊ፣ አላውቅም፣ አልገባኝም እያልኩ ኖሬያለሁ። ይህን ግን አውቀዋለሁ።

«አውቃለሁ በሉት» አልኳት።

«ምን?»

«ስምንተኛ ክፍል የሚለው ውሸት ነው። ሥራ እንዳገኝ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምሬያለሁ። ሥዕሉ ትክክለኛ ነው፤ የሞነጫጨርኩት አይደለም።»

ቀስ ብላ፣ «ይህ ከአፌ ከወጣ መመለሻ የለውም» አለችኝ።

«ይንገሩት፣ እትዬ።»

ነገረችው። መርማሪው ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው፣ እንድፈርም። ጽሑፉ አረብኛ ስለነበር አስተርጓሚዋ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ‹ካርታ ስታነሳ ተገኘች› የሚል ነበረበት።

«ካርታ የሚለውን ካልቀየረው አልፈርምም» አልኩ። «ካርታ ቦታው የት እንዳለ ያሳያል። ይህ ግን መሬት ለሁለት ሲቆረጥ ጎኑ ምን እንደሚመስል ነው። በዚህ ማንም የትም መሄድ አይችልም።»

እርሳስ ለመንኩት። ሰጠኝ። በየንብርብሩ ጎን የድንጋዩን ስም በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱንም ሳልዘል። በመጨረሻ ሥሩ ላይ ስሜን ጻፍኩና እርሳሱን መለስኩለት። የእሱን ወረቀት አልፈረምኩም። አልጮኸብኝም። ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ቀናት ከቀደሙት ዘጠኙ ይከፉ ነበር። አሁን ‹ምን ብዬ ልመልስ› የሚል ጭንቀት የለም፤ ‹ምን አልኩ› የሚል ነው። የወሎዋ ልጅ ተጠርታ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ «አላህ ያውጣሽ» አለችኝ፣ ከዚያ በላይ ጊዜ አልሰጧትም። ፍራሿ ላይ ማንም ሳይተኛ ሁለት ቀን ቆየ።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ጠሩኝ። መርማሪውና አስተርጓሚዋ በቦታቸው ነበሩ። አሁን ግን አንድ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አዛውንት ደብተሬን ዓይናቸው ሥር አድርገው ያያሉ። በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ከኖራ ድንጋዩ ሥር ምን አለ?»

«ጀሶ።»

«ከጀሶው ሥርስ?»

«ቀይ አሸዋ ድንጋይ። እስከ ወንዙ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የኮረብታውን ሥዕል ገለጡ። «እዚህ ሸክላው ውስጥ የሻርክ ጥርስ ይገኛል። አላገኘሽም?»

«ጊዜ አልሰጡኝም» አልኩ።

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። አስተርጓሚዋ ለመርማሪው አልተረጎመችለትም። አዛውንቱ ግን ሰሙ፤ ጢማቸውን ዳሰሱና ወደ ጠረጴዛው አቀረቀሩ። ከዚያ ለመርማሪው በአረብኛ ጥቂት ተናግረው ወጡ። አስተርጓሚዋ ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ፣ «ባለሙያው ትክክል ነው አሉ። የትምህርት ሥዕል ነው፣ ምንም የለበትም አሉ» አለችኝ። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

የስለላው ነገር በዚያው ተዘጋ። ሌላው ግን አልተዘጋም። በሐሰት መረጃ ሥራ ገብታለች ተባልኩ፤ ካፊሌም፣ የማዳም ባል፣ መልሼ አልወስዳትም አለ። እውነቱን መናገሬ ከአንዱ ክስ ሲያወጣኝ ሌላው ውስጥ ከተተኝ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ኹሩጅ ተመታልኝ። ደብተሩን ጠየቅኩ፣ አልሰጡኝም።

ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደን አውቶቡስ ግቢው ውስጥ ቆሞ፣ አስተርጓሚዋ የስም ዝርዝር ይዛ በራፉ ላይ ታመሳክር ነበር። ተራዬ ሲደርስ ስሜን ከመጥራት ይልቅ፣ «እንዲያ ባትዪ ኖሮ ይሄኔ ሥራሽ ላይ ነበርሽ» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ተቆጡኝ?»

«አይ።» ብዕሯን ከዝርዝሩ ላይ አነሳች። «እዚህ አገር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስመጣ እንዳንቺው አልተማርኩም ብዬ ነው የሞላሁት። አረብኛውንም የለመድኩት ሰው ቤት ነው። ከዚያ በፊት ምን ነበርሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«ምን ነበሩ?»

«የሂሳብ አስተማሪ» አለች። የተናገረችው በጣም ቀስ ብላ ነበር። ከዚያ ስሜን ጮክ ብላ ጠራችና ምልክት አደረገችበት፤ እኔም ወጣሁ።

አሁን በአባይ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ከተማ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ቀን ተማሪዎቼን ይዤ ቁልቁል እወርዳለሁ። እርሳሳቸውን አውጥተው መሳል ሲጀምሩ መንገዱ ዳር የማላውቀው መኪና ከቆመ፣ እስኪሄድ ድረስ ምን እንደምነግራቸው ይጠፋኛል። ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር፣ አለቀቀኝም። ያም ሆኖ ሳሉ እላቸዋለሁ፣ ሥሩ ላይ ስማችሁንም ጻፉ እላቸዋለሁ።

አስተርጓሚዋን አስባታለሁ። በዚያን ጊዜ ምክሯ የፍርሃት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን የምታውቀውን አንድ መውጫ እንዳሳየችኝ ይገባኛል፤ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወጣችበትን። ስሟን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። የማውቀው ታስተምር የነበረውን ትምህርት ብቻ ነው።