ግማሹ ዓለም ጎረቤት ክፍል ነበር

ይህ የሆነው መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት፣ በጋሞ ደጋ፣ ገረሴ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አምስተኛ ክፍል ሳስተምር ነው። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። የሳቅሁትንም ያህል ስቄ አላውቅም፤ ለዚህ ነው የማልረሳው።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ዕጣዬ ገረሴ ጣለኝ። ብርዱ የአገሬ ብርድ ስለሆነ አልከፋኝም። የከፋኝ ባለቤቴ ታች አርባ ምንጭ ተቀጥሮ እኔ ደጋ ላይ መቅረቴ ነው። በወር አንዴ በጭነት መኪና እወርዳለሁ፤ መንገዱ በዝናብ ሲበላሽ ያቺም ትቀራለች። ስለዚህ ዝውውር ጠይቄ መልሱን እጠብቅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ የነበረው የዓለም ካርታ አንድ ብቻ ነው። አጠገቤ ስድስተኛ ክፍልን የሚያስተምረው መምህር አንጁሎ የአገሩ ልጅ ነው፤ ጎበዝ፣ ግን ግትር። ግትርነት ለእኔም አይጎድለኝም። አንድ ሰኞ ካርታውን ልወስድ ክፍሉ ብገባ፣ «ገና አልጨረስኩም» አለኝ። «ተራዬ ነው» አልኩት። እሱ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ያዝን። ማን ቀድሞ እንደጎተተ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ብቻ ካርታው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። አሜሪካ በእኔ እጅ፣ አፍሪካ፣ አውሮፓና እስያ በእሱ እጅ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ሰላምታ የለም። ዳይሬክተሩ ለመኑን፤ አልሰማናቸውም። እኔም እሱም ግማሽ ግማሻችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ማስተማር ቀጠልን።

ታዲያ አንድ ጠዋት ከአርባ ምንጭ ሱፐርቫይዘር መጡ። ዳይሬክተሩ ጠጋ ብለው፣ «ዝውውርሽ በእሳቸው ብዕር ነው፤ ጥሩ ከጻፉ ትሄጃለሽ፤ ካልጻፉ ገና ከእኛ ጋር ነሽ» አሉኝ። የዕለቱ ትምህርት የዓለም ሕዝቦች የሚል ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ደብተራቸውን ገልጠው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እኔም ጀመርኩ። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው አልኩ። ጎረቤታችን ቋንቋው ይግባን አይግባን፣ መልኩ ይምሰለን አይምሰለን፣ ያለንን ተካፍለን በፍቅር መኖር አለብን አልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ደስ ብሏቸው ተነሡ። «ጎበዝ! እስቲ አንድ ልጅ ወጥታ ኢትዮጵያን ካርታው ላይ ታሳየን።»

የክፍሉ አለቃ ዘነበች ወጣች። ካርታውን አየች፣ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች።

«እዚህ የለችም» አለች።

«ታዲያ የት ነው ያለችው?»

«መምህር አንጁሎ ክፍል ነው።»

አንድም ልጅ አልሳቀም፤ ለእነሱ እውነት ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ግራ ገብቷቸው፣ «ኢትዮጵያ ጎረቤት ክፍል ምን ትሠራለች?» ቢሏት ሁሉን ዘረገፈችላቸው። «ቲቸርና መምህር አንጁሎ ተጣልተው ዓለሙን ተካፈሉ» አለች። ሰውዬው አንገታቸውን ደፍተው ደብተራቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ዝውውሬ በዚያች ደቂቃ አለቀላት ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ዘነበች ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ሳታስፈቅድ ወጣች፤ አምስት ስድስት ልጆች ተከተሏት። በመስኮት ሳይ ሜዳው ላይ ሳር ይነጫሉ። ግማሾቹ ወደ መምህር አንጁሎ ክፍል ሮጡ። ዘነበች ወደ እኔ መጥታ እርጥቡን ሳር በሁለት እጇ ይዛ ተንበረከከች።

የአገሩን ወግ የማላውቅ ነኝና፣ «ተነሺ፣ ወደ ቦታሽ!» ብዬ ጮኽኩባት። አልተነሣችም።

ሱፐርቫይዘሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ተይ እህቴ» አሉኝ። «በእኛ በጋሞዎች እርጥብ ሳር የተያዘበት ጠብ እዚያው ይቀራል። ሳሩን ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ይሄ የአባቶቿ ሥራ ነበር፤ ሽማግሌ ስላልመጣላችሁ እሷ ያዘችላችሁ። ደም የፈሰሰበት እንኳ በዚህ ይበርዳል፤ እናንተ የተጣላችሁት በወረቀት ነው።»

ቀና ብል መምህር አንጁሎ በሩ ላይ ቆሟል። ግማሹን ዓለም ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይዞታል። ከኋላው ሳር የያዙ ልጆች አሉ። «እኔ ሳሩን ካየሁ በኋላ ምን አፍ አለኝ?» አለ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። ዘነበችን አንሥቼ አቀፍኳት።

ሙጫ ስላልነበረን ከዘነበች ቤት የቡላ ገንፎ መጣልን፤ በእሱ ለጠፍነው። አንጁሎ አጥብቆ ስለሳበው አትላንቲክ ውቅያኖስ ጠቦ ብራዚል አፍሪካን ልትነካ ምንም አልቀራትም። ሱፐርቫይዘሩ አይተው፣ «ተዉት፣ ይቀራረቡ» አሉ።

ሪፖርታቸውን በኋላ ዳይሬክተሩ አነበቡልኝ። «መምህርቷ የሚያስተምሩትን ራሳቸው አልፈጸሙም። ተማሪዎቹ ግን በሚገባ ተምረዋል፤ ዝውውራቸው ይታሰብላቸው» ይላል። ዓመቱ ሲያልቅ ተዛወርኩ።

በምሄድበት ቀን ትምህርት ቤቱ አዲስ ካርታ አግኝቶ ነበር። አንጁሎ አሮጌውን በዳይሬክተሩ ፈቃድ ጠቅልሎ አመጣልኝ።

«ውሰጂው፣ ላንቺ ነው።»

«አልወስድም፣ ያንተ ነው።»

«ያንቺ ነው አልኩ!»

«አልወስድም አልኩህ!»

ድምፃችን ከፍ ሲል፣ ልትሸኘኝ የመጣችው ዘነበች ገልመጥ አድርጋን ቀስ ብላ ወደ ሳሩ መሄድ ጀመረች። እኔም ካርታውን ተቀበልኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር እኖራለሁ። ካርታው ሳሎኔ ተሰቅሏል፤ የተለጠፈበት ጠቁሯል። እንግዳ ሁሉ ውቅያኖሱ ምን ሆኖ ነው እያለ ይጠይቀኛል። አሁን ሳስበው አላፍርም፤ ይልቅ ይናፍቀኛል። ከባለቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ ዓይኔ ሳላውቀው ወደ ደጅ ይሄዳል፤ ዘነበች ሳር ይዛ ትመጣ ይሆን እያልኩ።