የእማሆይ ብርቄ ጨርቅ የሟሟበት ዕለት

ባለፈው እሑድ ምስር ስለቅም የእህቴ ልጅ ሰላም አጠገቤ ተቀምጣ ለፈተና የምታጠናውን ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር። እዚሁ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች። ጥጥም እንጨትም ወረቀትም የተሠሩበት ነገር ሴሉሎስ ይባላል አለችኝ። በውሃ ቢቀቅሉት አይሟሟም። አንዳንድ ጨው ግን ጥቂት ውሃ ይዞ በሙቀት ሲቀልጥ ያሟሟዋል፤ አሁን ደግሞ ያለ ምንም ውሃ ፈሳሽ ሆነው የሚቀመጡ ጨዎች ተገኝተው በእነሱም እየተሠራ ነው። "ከጥንቶቹ አንዱ ዚንክ ክሎራይድ ነው" ስትል ሰፌዱን አስቀመጥሁ።

"እሱንማ እኔም ሠርቼዋለሁ" አልኋት።

ሳቀች። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት እንደሆነ፣ የቀረውን እጄ የገባውን ሁሉ እያነበብሁ በራሴ እንደተማርሁ ታውቃለች። እንዲህ ብዬ ነገርኋት።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ስላረፈች የምኖረው ከአጎቴ ከታደገ ጋር ነው። አጎቴ ገበያው ዳር ቆርቆሮ ይሠራል፤ ኩራዝ ይቀጠቅጣል፣ የሚያፈስ ማንቆርቆሪያ በእርሳስ ይበይዳል። እርሳሱ እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባ ውሃ አለ፣ እሱን የማዘጋጅ እኔ ነበርሁ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እሰበስባለሁ። ያኔ ልጁ ያልዘመተበት ቤት ጥቂት ስለነበር ሰው ሁሉ ራዲዮ ላይ ተጥዶ ይውላል፣ ድንጋይ ቶሎ ያልቃል። ልባሱን ገልጬ፣ ዚንኩን ቆራርጬ፣ በሸክላ ድስት አሲድ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ሲንተከተክ ይቆይና ጸጥ ይላል። ከዚያ ፍም ላይ ጥጄ እንደ ማር እስኪወፍር አፈላዋለሁ፤ በክረምት እንዲህ ካልሆነ አይበረክትም ይላል አጎቴ። በመጨረሻ በትኩሱ ከአሮጌ በርኖስ በተቀደደ ቁራጭ ይጠለላል።

"በሱፍ እንጂ በሌላ እንዳታጠልዪው" ይለኛል ሁልጊዜ።

"ለምን?"

"አባቴ በሱፍ ነበር የሚያጠልለው።"



አንድ ሌላ ነገር ልንገርሽ። ብረትና ቆርቆሮ የሚሠራን ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይሉ ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ይህ ቀርቷል ተብሎ ተጨብጭቧል። ሆኖም ዳቦ የያዘች ሴት በደጃችን ስታልፍ ነጠላዋን ትስብበታለች። በእኛ ፊት እህል የሚቀምስ አልነበረም።

በሐምሌ፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን፣ የሰፈራችን መነኩሲት እማሆይ ብርቄ ዝናቡ አጣድፏቸው የሚያፈስ ማንቆርቆሪያቸውን እጃቸው በገባ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለአጎቴ ሰጡት። በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ አጎቴ ኩራዝ ሊሸጥ ወደ ሐሙሲት ገበያ ሄደ። እኔ ውሃውን አፍልቼ ላጠልል ስል የበርኖሱ ቁራጭ የለም። አይጥ ጎትታው ይሆናል። መደርደሪያው ላይ የእማሆይን ጨርቅ አየሁ። የጥጥ ነው፣ ሳሳ ያለ ነው። ከበርኖሱማ ይሻላል፣ አጥቤ እመልሰዋለሁ አልሁ። ገና ሳፈስበት ከእጄ አምልጦ ድስቱ ውስጥ ገባ። ወዲያው ዝናቡ መጣና ውጭ የተሰጣውን ገብስ ላስገባ ሮጥሁ። ስመለስ በእንጨት ባማስለው ባማስለው ጨርቅ የሚባል የለም። ፈሳሹ ግን እንደ ተልባ ይለጠጣል።

አጎቴ ማምሻውን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ። "የእማሆይ ጨርቅ የታል?"

"ሟሟ።"

"ጨርቅ ይነዳል፣ ይበሰብሳል። ይሟሟል ብሎ የነገረሽ ማን ነው?"

ከድስቱ በእንጨት ጨልፌ ውሃ የሞላ ጣሳ ውስጥ አንጠባጠብሁት። ውሃውን ሲነካ ነጭ ሆኖ እንደ እርጎ ረጋ። አጎቴ በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"የልጃቸው ጋቢ ቁራጭ ነበረች" አለ። "ሲዘምት ቀደው ያስቀሯት። አሁን ይህን የሰማ ምን ይለናል? የሰው ልብስ እንኳ በሉ አይለንም? ስሚ፣ ጠፋች እንበላቸው። ሌባ ቢሉን ይሻላል።"

አጎቴ የሰው ክር ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። እሱ ሌባ መባልን መረጠ። በማግስቱ የቀረውን ፈሳሽ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በስሱ አፍስሼ ውሃ ውስጥ ነከርሁት፤ አጠብሁ፣ ደግሜ አጠብሁ። ሲደርቅ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ብራና የመሰለ ስስ ነገር ሆነ።

ቅዳሜ እማሆይ መጡ። አጎቴ "ጨርቂቱ እንኳ..." ብሎ ሲጀምር ቀደምሁት።

"እኔ ነኝ ያጠፋኋት፣ እማሆይ" አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ያንን ስስ ነገር በሁለት እጄ አቀረብሁላቸው።

ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ከዚያ አፍንጫቸው ላይ ለጠፉት።

"የላቡ ሽታ ነበረባት" አሉ ዝግ ብለው። "ለዚያ ነበር የማላጥባት።"

ስሱን ነገር ጉያቸው ውስጥ ከተው፣ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ሄዱ። አጎቴ መዶሻውን አስቀመጠ። "አለቀልን፣ የሺ" አለኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እማሆይ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ሰፌድ ይዘው በገበያተኛው መካከል ሲመጡ አየናቸው። ደጃችን ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ቅጠሉን ገለጡት። ትኩስ ድንች ነው፣ በርበሬና ጨው ከጎኑ።

"ና ቅረብ ታደገ። አንቺም ነዪ።"

"ሰው ያያል እኮ፣ እማሆይ" አለ አጎቴ።

"እንዲያይ ነው የመጣሁት። ደግሞ ምኔን ትበላኛለህ፣ አጥንት ነኝ።"

ድንች ልጠው በርበሬ አስነክተው ዓይኑን እያዩ ጎረሱ። ሁለተኛውን ለእሱ አጎረሱት። መንገደኛው ቆመ። አጎቴ አፉ ሞልቶ ማኘክ አቅቶት ነበር።

ልጃቸው አልተመለሰም። ያን ስስ ብራና ግን በዳዊታቸው ቅጠሎች መካከል ብዙ ዘመን አይቼዋለሁ።

አሁን እኔ በእሳቸው ዕድሜ ነኝ። አንዲት ልጅ የልጄን ሽታ አጥፍታ እውነቱን ብትነግረኝ፣ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋ ይሆናል። ሁልጊዜ የማስበው ያቺን አንድ ሰዓት ነው። ድንቹ ትኩስ ነበር፤ ከእኛ ሄደው ነው የጣዱት። ክረምት ነው፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ድንች ደግሞ ቶሎ አይበስልም። ሐሳባቸውን ለመለወጥ በቂ ጊዜ ነበራቸው።