ልብስ ሰፊዋና አዲሱ መሻገሪያ

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እግሯ አርፎ አያውቅም ነበር። የሰፋችውን ልብስ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው መጠበቅ አይሆንላትም፤ በፌስታል ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ራሷ ታደርሳለች። «መጣሁ» ብላ ከወጣች አራት ቤት ሳትረግጥ አትመለስም። ነፍሱን ይማረውና ባሏ፣ «እኔ ያገባሁት ሚስት ነው ፖስተኛ?» እያለ ይስቅባት ነበር።

ኋላ መንገዱ ሰፋ። እነዚያ ጥላቸው የሚያሳርፍ ዛፎች ተቆረጡ፤ የእግረኛው መሄጃ ተሸራርፎ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ሆነ፤ መኪናውም ይበር ጀመር። አንድ ጠዋት ፍጥነቱን ሳይቀንስ ማዕዘኑን የታጠፈ መኪና ገጭቶ ጣላት። ዳሌዋ እንዳገገመ የሚኒባስ ሾፌሩ ልጇ፣ «እማዬ፣ እኛ እንዴት እንደምንነዳ እኔ ነኝ የማውቀው። ከደጅ እንዳትወጪ!» አላት።

እሺ ማለቱንስ አለች፤ ሰውነቷ ግን መች እሺ ይላል? የስፌት መኪናዋን ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስታጓትት ትውላለች። ጨርቅ ትጀምርና ትወረውረዋለች። «እንዲሁ እንደተቀመጥኩ ልቀር ነው» ትለናለች።

ደግሞ ቆፋሪዎች መጡ። የእግረኛው መሄጃ ተንጣለለ፤ ለብስክሌት የተከለለ መስመር ወጣለት፤ ማዕዘኑ ጠበበ፤ መሻገሪያውም ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ተሠራ። ልጇ እራት ላይ ይነጫነጫል።

«መንገዱን ቆርሰው ለእግረኛ ሰጡት! እዚያች ማዕዘን ላይ እንደ ኤሊ ካልተሳብኩ አልታጠፍም።»

«እውነት እንደ ኤሊ?»

«ምን ያስደስትሻል?»

«ኧረ ምንም።»

በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ለምትኖረው ነርስ የሰፋችውን የሥራ ልብስ ይዛ ወጣች። መሻገሪያው ጫፍ ላይ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ። ብስክሌት የሚነዳ ጎረምሳ ቆሞ፣ «ይለፉ እንጂ እናቴ» ሲላት አፍራ ገባች። መሀል ላይ ስትደርስ አንድ ሚኒባስ ማዕዘኑን ቀስ ብሎ ዞሮ ፊቷ ቆመ። ጡሩምባው ጮኸ።

«እማዬ!»

ልጇ ነው።

«አንተ፣ ምን ያስጮህሃል? እናት አይደሉም እንዴ?» አለች አንዲት ተሳፋሪ።

«የኔ እናት ናት!»

«ጉድ እኮ ነው! በገዛ እናቱ ላይ ጡሩምባ!»

ሚኒባሱ በሳቅ አውካካ። ልጇ ሊወርድ በሩን ከፈተ።

«ሰው ጭነህ የት ነው የምትወርደው?» አለችው። «ቆመሃል አይደል? እንግዲያው ቁም።»

በሩን መልሶ ዘጋ። እስክትሻገር ጠበቃት። ማዶ ስትደርስ ግን አንገቱን በመስኮት አስግጎ፣ «በዚሁ ተመለሺ! የወዲያኛው መሻገሪያ ገና አልተሠራም!» ብሎ ጮኸ።

ነርሷ በሯን ስትከፍት ዓይኗን ማመን አቃታት። «ውይ፣ በእግርዎ? ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ላብ በላብ ሆነዋል!»

ልብስ ሰፊዋ ፌስታሉን አቀብላ እዚያው ደፉ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው።

«ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድስ መቼ ይጀምሩታል አሉ?»