የሚያለቅሰው ግድግዳ

ልጅ ሳለሁ አንድም ተረት እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም። የሰፈሬ ልጆች ስለ ጅብና ስለ አህያ፣ ስለ ንጉሥና ስለ ቆንጆ ልጁ ማታ የሰሙትን በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲያወሩ፣ እኔና ወንድሜ ዮናስ የምናውቀው ጅቡ የቤቱን ቆርቆሮ በምን ዓይነት ሚስማር መምታት እንደነበረበት ብቻ ነው። ለዚህ ተጠያቂዋ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ እታለም ይላት ስለነበር እኛም እታለም እንላታለን። ዛሬም ሳስታውሳት መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው፤ ፍቅሩ ቆየት ብሎ ይከተላል።

ቤታችን ልደታ ማርያም ቤተክርስቲያን ጀርባ የነበረ የጭቃ ቤት ነው። አባቴ ከደመወዙ እየቆጠበ የሠራው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የኪራይ አይደለም፣ የራሴ ነው» የሚልለት ቤት። እታለም ደብረ ብርሃን ላይ የራሷን ቤት ለብዙ ዓመታት ስታስተዳድር ኖራ፣ ባሏ ሲሞት ቤቱ ተሸጠና እኛ ጋ መጣች። ከሳሎኑ ኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል ተሰጠቻት። አልጋዋ የተጠጋው ከጀርባው ግድግዳ ጋር ነበር፤ የነገሩ ሁሉ መነሻም ያ ግድግዳ ነው።

ክረምት ሲገባ መብራት የሚጠፋው ገና ሳይመሽ ነበር። ያኔ እናቴ የፋኖሱን ብርጭቆ በጨርቅ ወልውላ ታበራዋለች፣ ደጅ ጢሱ የወጣለት የከሰል ማንደጃ ወደ ሳሎን ይገባል፣ እሸት በቆሎ ፍሙ ላይ ይጠበሳል፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ሲደበድብ ለመደማመጥ መጮህ ግድ ይሆናል። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፍ ስለሚውል ማታ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም፤ ፋኖሱን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ጋዜጣው ኋላ ይደበቃል። እኔና ዮናስ ማንደጃውን ከበን እንቀመጣለን። እታለም ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ታስተካክልና ትጀምራለች።

«አንድ ንጉሥ ነበረ፤ ግድግዳው የሚያለቅስበት ንጉሥ።»

አጀማመሯ እንዴት ያምር ነበር! ግድግዳ ሲያለቅስ! ውስጡ የተቀበረች ልጅ አለች፣ ወይ ጭራቅ የዘጋባት ልዕልት አለች ብለን ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ንጉሡ ጠንቋይ ያስጠራል። ጠንቋዩ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ልባችን ተሰቅሎ ሳለ እታለም ድምጿን ከፍ ታደርግና «ለካስ አሸንዳው ከመጋጠሚያው ለቆ፣ የጣሪያው ውሃ ሁሉ ግድግዳው ውስጥ ይገባ ኖሯል» ትላለች።

አለቀ። ከዚያ በኋላ ንጉሥም የለ፣ ጠንቋይም የለ። አሸንዳ በሚያዝያ፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ መሰላል ቆሞ ቅጠሉ መጠረግ እንዳለበት፣ የለቀቀ መጋጠሚያ ዛሬ በትንሽ ሬንጅ ቢደፈን ነገ የቤት ዋጋ እንደሚያተርፍ፣ ውሃው ከቤቱ መሠረት ራቅ ብሎ እንዲፈስ በአካፋ ቦይ ቢጤ ማውጣት እንደሚበቃ ትደረድርልናለች። እኔ የስምንት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ አሸንዳ ምን ያደርግልኛል?

በሌላው ቀን ደግሞ ሙሽራ ያገባ ጅብ ይመጣል። ጅቡ አዲሱን ቤቱን ነፋስ እንዳይወስድበት ጣሪያው ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ይጭናል። ይህኔ ሙሽራይቱ ልትበላ ነው ብለን ስንጠብቅ ድንጋዩ ሥር ውሃ ይተኛል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ይበሳል። ቀጥሎም ጅቡ ሚስማሩን በቆርቆሮው ጉድጓዳ በኩል መምታቱ ይነሳል። ውሃ የሚወርደው በጉድጓዳው ነው፤ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ፣ ያውም ላስቲክ ተደርጎለት ነው፤ የጠርሙስ ቆርኪ ብቻውን አይበቃም።

«ጅብ ቆርቆሮ ከየት አመጣ?» ይላል ዮናስ ተናዶ።

«ከመርካቶ ነዋ! ዝም ብለህ ስማ።»

«ሙሽራይቱስ?» እላለሁ እኔ። «በላት?»

«ማን አስተኝቷት! ሌሊቱን ሙሉ ባልዲ ስትቀይር አደረች።»

ይሄ ተረት ነው? እንዲህ ያለ ተረት ለልጅ ይነገራል? ዮናስ አንድ ቀን አለቀሰ፤ እውነቱን ነው። የሚገርመኝ ግን እታለም እሱን እያባበለች እንኳን ዓይኗ ወደ አባቴ ጋዜጣ ነበር። ያኔ የፋኖሱ ብርሃን የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ለግድግዳው የራሷ መድኃኒት ነበራት፤ ቀለም። ለግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ንፍሮውን ይዞ እኛ ደጅ ይሰበሰባል፣ ተመርቆ ተበልቶ ሲያበቃም ቤት ያየናል ብላ ስለምትሰጋ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ታስቀባዋለች። ግድግዳው ላይ ያለፈው ክረምት የተወው አረንጓዴ ሻጋታ ቀለሙ ሥር ይደበቃል። ለበዓሉ ሰው ሁሉ «እንዴት አምሯል!» ይላል። ሐምሌ ላይ ቀለሙ እንደ ፈላ ወተት ይነፋና ይላጣል። በዓመቱ ሌላ ቀለም። ያንን ሁሉ ዓመት ለቀለም የወጣው ገንዘብ አሸንዳውን ከቆርቆሮው ጋር አሳድሶ ይተርፍ ነበር፤ ግን አሸንዳ ለእንግዳ አይታይ! የሰፈሩ ሁሉ በሽታ ይሄው ነበር። ግንቦት ልደታ ሲደርስ ግድግዳው ይቀባል፣ ጣሪያው ግን ወደ ሰማይ ስለሆነ የሚያየው እግዜር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አያማንም።

በፍልሰታ ጾም፣ ሰማዩ ለቀናት ሳይከፈት በቆየበት ነሐሴ፣ ከቀትር በኋላ የጀርባው ግድግዳ ተናደ። ድምፁ ጆንያ እህል ከከባድ መኪና ላይ ሲጣል ዓይነት ነበር። ዞረን ስንገባ ጭቃው፣ ጭዱና የበሰበሰው ማገር የእታለምን አልጋ ከራስጌ እስከ ግርጌ ቀብሮታል። እናቴ ጮኸች። አባቴ ያን ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር፤ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ጭቃውን በእጁ መዛቅ ጀመረ። እየዛቀ «እታለም! እታለም!» ይላል። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እታለም አልጋዋ ላይ አልነበረችም። ቅዳሴ ላይ ነበረች። ጃንጥላዋን ይዛ፣ ጫማዋን በር ላይ እያራገፈች ገባች፣ የተሰበሰበውን ጎረቤት አየች፣ በተናደው ግድግዳ በኩል ጓሮውን አየች። ምንም አልደነገጠችም፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደው።

አባቴ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ቆመ። «እታለም፣ ግድግዳው እንዲህ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ክረምቱን ሙሉ ምን ሳደርግ የነበረ ይመስልሃል?» አለችው።

«ለልጆቹ ተረት ስታወሪ ነበራ!»

«ለልጆቹ?» አለች እታለም። «እነዚህ ምስኪኖች መሰላል ላይ ይወጣሉ?»

ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ ንጉሥ፣ ያ ሁሉ ጅብ ለእኛ አልነበረም። እኔና ዮናስ ማንደጃው ዳር የተቀመጥነው ለአባቴ የተላከ ደብዳቤ እንደሚያልፍበት መስኮት ነበር። ተታለልኩ ብዬ ተናደድኩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ በሌላ ምክንያት ተናደድኩ፤ ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። አንዲት ሴት፣ ታላቅ እህት፣ በእጇ ያሳደገችውን ወንድሟን «አሸንዳህ ተሰብሯል» ለማለት ስንት ቃል ያስፈልጋታል? ሁለት! ሁለት ቃል! በሰው ቤት ነኝና የሰው ቤት ነውር ማውጣት አይገባኝም ብላ፣ «የራሴ ነው» የሚለውን ኩራቱን ላለመንካት ብላ፣ ያንን ሁሉ ክረምት በሚያንጠባጥብ ግድግዳ ሥር ተኛች። እሱም እየሰማ ዝም አለ። ቢጠይቃት ኖሮ ትነግረው ነበር፤ ግን ጋዜጣውን ካወረደ ተረቱ ለእሱ መሆኑን ማመን ሊኖርበት ነው። ሁለቱም ተከባብረው ቤት አፈረሱ ማለት ነው።

አባቴ ግድግዳውን ከመሠረቱ አስገነባ። አሸንዳውን ለማደስ ከሚያወጣው ስንት እጥፍ እንዳወጣ እናቴ ለዓመታት ስታነሳበት ኖረች። እታለም ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራችም፤ «ንጉሡ በመጨረሻ ምን ሆነ?» ብዬ ብጠይቃት «እንጃ፣ ረሳሁት» አለችኝ።

እኔ ግን ማልኩ። እንደ እሷ አልሆንም፣ የሚፈሰውን ፈሰሰ እላለሁ አልኩ። ዛሬ ሰፈራችን ፈርሶ፣ እታለምም እናቴም ዐርፈው፣ እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም የመጨረሻው ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ የብሎካችን ሰዎችም ስሜን ትተው «ኢንስፔክተሯ» ይሉኛል። ይበሉ። ግድግዳህ ረጥቦ ስታይ ቀለም ገዝተህ አትምጣ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ ፈልግ እላቸዋለሁ። የሚያንጠባጥበው ቧንቧ የሚፈልገው አንዲት ላስቲክ ነች፣ እስኪባባስ ከጠበቅሽ ግን ቧንቧውን በሙሉ ትገዢያለሽ እላለሁ። ከክረምት በፊት ጣሪያው ላይ ወጥተን የውሃ መውረጃውን እንጥረግ ብዬ በየዓመቱ እጨቀጭቃለሁ፤ በየዓመቱም «እሺ፣ ከበዓሉ በኋላ» ይሉኛል። ጎረቤቴ ባለፈው ግንቦት የሻገተ ግድግዳዋን በጂፕሰም አስለስና ቀለም አስቀባችው። ደረጃው ላይ ቆሜ ራሴን ያዝኩ።

አባቴ እናቴ ከሞተች በኋላ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ጥሩውን ክፍል ሰጠሁት፤ አልጋውን ራሴ ነኝ መስኮቱ ሥር ያደረግሁለት፣ ፀሐይ እንዲያገኝና ባቡሩ ሲያልፍ እንዲያይ። አልጋውን ግን ማንም እንዲያነጥፍለት አይፈቅድም። «እጅ አለኝ» ይላል።

በዚህ ክረምት አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ስልኬን አብርቼ የሃይላንድ ውሃ ከላዩ አቆምኩበት፣ ሳሎኑ ደብዘዝ ያለ ብርሃን አገኘ። እኔ የቢሮ ሥራዬን ኮምፒውተሩ ላይ እየጨረስኩ ነው። አባቴ ልጄን ማክዳን አጠገቡ አስቀምጦ ያወራል። ጆሮዬን አልሰጠሁትም ነበር።

«አንዲት ንግሥት ነበረች» አለ። «የአገሩን ሰው ጣሪያ ሁሉ እየዞረች የምታይ፣ የምትቆጣ ንግሥት። ታዲያ በራሷ ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጋዘን ነበራት።»

«አጋዘኑ ምን ሆነ?» አለች ማክዳ።

«ክፍሉ ውስጥ ዝናብ ይዘንብበታል።»

እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ቆመ። ቀና ስል አባቴ የሚያየው ማክዳን አይደለም።

ተነስቼ ወደ ክፍሉ ገባሁ። የመስኮቱን ብረት ዙሪያ የሚደፍነው ስቱኮ ተሰነጣጥቆ ረግፏል፤ ክፍተቱ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጋዜጣ ነው፣ በጥንቃቄ የታጠፈ፣ ርሶ የገማ ጋዜጣ። ብርድ ልብሱን ገልጬ ፍራሹን በመዳፌ ተጫንኩት። በግድግዳው በኩል ያለው ግማሹ ውሃ ነበር። ስንት ቀን በደረቁ ጫፍ ላይ ተጠብቦ እንደተኛ እግዜር ይወቅ። ሐምሌን በሙሉ ስለ ሰው ጣሪያ ስቆጣ ነው የከረምኩት!

ጋዜጣውን እንደያዝኩ ተመለስኩ። «አባዬ!» ጮኽኩ። «ለምን አልነገርከኝም?»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ማን ብሎት እንደነበር ሁለታችንም አወቅን። አባቴ ፈገግ ለማለት ሞክሮ ተወው፤ የኮቱን ቁልፍ መነካካት ያዘ። «በልጅ ቤት ሆኖ ይሄ ጎደለ፣ ያ ፈሰሰ ማለት ደስ አይልም» አለ ቀስ ብሎ። «ለልጅቷ ተረት እያወራሁ ነው።»

ከእታለም የቀረልኝ የሚስማሩና የአሸንዳው ነገር ይመስለኝ ነበር። እሱንማ ማንም ያውቀዋል፣ ማንም አናጢ ይነግርሃል። ያቺ ሴት ያለቀችው መናገር አቅቷት ሳይሆን የሚጠይቃት አጥታ ነው። እኔም መናገር ተማርኩ፣ በየደረጃው መጮህ ተማርኩ፤ አባቴን «ክፍልህ እንዴት ነው? አልጋህ ይመችሃል?» ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

«እማዬ፣ አታቋርጪን እንጂ!» አለች ማክዳ ተናዳ። «ንግሥቲቱ ከዚያስ ምን ሆነች?»

አባቴም እኔን ያያል።

«ንግሥቲቱ የአጋዘኑን አልጋ ወደ ራሷ ክፍል ልትወስድ ነው» አልኳት። «ነይ፣ በዚያኛው በኩል ያዥልኝ።»