ባንኬን ያለቀስኩ ጊዜ

በጦርነቱ ጊዜ ወሎ መርሳ ከተማ ላይ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ፤ ባንኩ ሲዘጋ የቀረኝ ሥልጣን ከረባቴ ብቻ ነው። ግቢዬ በተፈናቀሉ እናቶች ሞልቷል፤ ልጆቻቸው ርቧቸዋል። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች ግን ከለቅሶ በቀር ሰው እንዳይሰበሰብ ከልክለዋል። እኔም የቅሬያችንን፣ የእድራችንን ማለት ነው፣ ድንኳን ተከልኩና የቤቴን ስንዴ ለልጆቹ ንፍሮ ጣድኩ። እሳት አንድጄ ስለማላውቅ ጢሜን ለበለበኝ።

አንዱ ታጣቂ መጥቶ «ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

«ባንኩ» አልኩት። «ሐዘንተኛው እኔ ነኝ። ቁጭ በልና ንፍሮ ቅመስ።»

ጎረቤቴ ሼኹ ወዲያው «አላህ ሶብሩን፣ መጽናናቱን ይስጥህ ልጄ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ታጣቂው ጢሜን አየና ሳቁን ውጦ ሄደ።

ለቅሶ በኛ አገር ሦስት ቀን ነው። እኔ ግን ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው እስኪወጡ ድረስ ባንኬን አለቀስኩ።